የልጅህ ጆሮ ምንም አልመሰከረም

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከዱባይ ነው የመጣው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊውን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። የ31 ዓመት ሰው ነኝ። ዱባይ በሹፍርና እሠራለሁ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ናት። ከተጋባን አምስት ዓመታችን ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሰኔ ላይ ለ40 ቀን ዕረፍት መጥቼ ነበር። ሴት ልጃችን የተወለደችው በቀጣዩ መጋቢት ነው። ቀኑን ቆጥሬዋለሁ፣ ይገጥማል። አሁን ሁለት ዓመት አልፏታል። እስካሁን በአካል አላየኋትም። ቀጣዩ ዕረፍቴ ነሐሴ ላይ ነው።

ባለፈው ወር እህቴ ልትጠይቃቸው ሄዳ ነበር። ማታ ደወለችልኝና ‹ይቺ ልጅ ጆሮዋን ከማን አመጣችው?› አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የእኔም የባለቤቴም የጆሯችን ጫፍ ከጉንጫችን ጋር የተጣበቀ ነው። የልጄ ግን ተንጠልጣይ ነው። ስትስቅ ደግሞ ጉንጮቿ ይሰረጉዳሉ። በሁለታችንም ቤት ስርጉድ ያለው ሰው አላውቅም። 10ኛ ክፍል ስማር የተጣበቀ ጆሮ ሪሴሲቭ ነው፣ ሁለት ሪሴሲቭ ወላጆች ዶሚናንት ልጅ ሊወልዱ አይችሉም ተብዬ ነው የተማርኩት። ፈተና ላይም መጥቶልኝ አግኝቼዋለሁ። ለባለቤቴ ምንም አላልኳትም። ግን ቪዲዮ ሳልደውልላቸው ሁለት እሁድ አለፈ። ልጄን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ጆሮዋ ላይ ነው የሚያርፈው። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ መልሱን አላቆይብህም። የልጅህ ጆሮ በእናቷ ላይ የሚመሰክረው ምንም ነገር የለም። ጉንጯም እንዲሁ። ጆሯቸው የተጣበቀ እናትና አባት ተንጠልጣይ ጆሮ ያላት ልጅ ይወልዳሉ። ይህ ዛሬ የተገኘ ወሬ አይደለም። ቤተሰብ በቤተሰብ እየሄዱ ጆሮ የመዘገቡ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ ራሱ እንደዚህ ያሉ ልጆችን አግኝተዋል። (ዓመቶቹን እዚህ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ይህን ካልኩህ በኋላ ግን ነገሩን እስከ ሥሩ ላስረዳህ። «ቲቸር አይዞህ ስላለኝ ነው» ብለህ ለጊዜው ብትተኛ፣ ከሳምንት በኋላ ጥርጣሬው ተመልሶ ይመጣብሃል። አንተ የተማርከውን የያዝክ ሰው ነህ። ስለዚህ በተማርክበት መንገድ ልመልስልህ።

ሕጉ ልክ ነው። ሕጉን ያገኘው ግሬጎር ሜንዴል የሚባል መነኩሴ ነው። ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር፣ ብርኖ ከተማ ውስጥ፣ በገዳሙ ግቢ ከ1856 እስከ 1863 አተር ሲዘራና ሲያዳቅል ኖረ። ያው እኛ ክክ የምናደርገውን አተር ማለት ነው። ድቡልቡል ፍሬ የሚሰጠውን ከጭርምቱ ጋር ሲያዳቅል መጀመሪያ ያገኘው ሁሉ ድቡልቡል ሆነ። ጭርምቱ የጠፋ መሰለ። እነዚያን ድቡልቡሎች እርስ በርስ ሲያራባቸው ግን ጭርምቱ ተመልሶ መጣ። 7324 ፍሬ ቆጠረ። 5474ቱ ድቡልቡል፣ 1850ው ጭርምት። ሦስት እጅ ለአንድ እጅ። ገዢና ድብቅ የምንለው፣ በትምህርት ቤት አፍ ዶሚናንትና ሪሴሲቭ የምንለው፣ ከዚህ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ተክል ለዚህ ባሕርይ ሁለት ቅጂ ዘረመል (ጂን፣ ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፈው) አለው፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት። ጭርምት ለመሆን ሁለቱም ቅጂ የጭርምት መሆን አለበት። ስለዚህ ሁለት ጭርምቶች ድቡልቡል አይወልዱም። አንተ ፈተና ላይ ያገኘኸው ይህ ነው።

«ገዢ» የሚለው ቃል ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ጉልበት ያለው፣ ሌላውን የሚደፈጥጥ ይመስላል። አይደለም። ጭርምቱ አተር ስኳሩን ወደ ስታርች የሚለውጥ አንድ ኢንዛይም ይጎድለዋል። ስኳሩ ፍሬው ውስጥ ይቀራል። ስኳር ደግሞ ውሃ ይስባልና ፍሬው ያብጣል። ሲደርቅ ውሃው ይወጣል፣ ቆዳው ብቻ ሰፍቶ ይቀርና ይጨማደዳል። አንድ ደህና ቅጂ ካለ ግን የሚበቃ ኢንዛይም ይሠራል፣ ፍሬው ድቡልቡል ይሆናል። በዚህ ባሕርይ ገዢነት ማለት ይኸው ነው፦ አንዱ ይበቃል።

እንግዲህ ሕጉ እንዲሠራ ባሕርዩ በአንድ ዘረመል የሚወሰን መሆን አለበት። የአተሩ ጭርምትነት እንደዚያ ነው። የሰው ጆሮ እንደዚያ አይደለም። የአንተ ችግር እዚህ ጋ ነው ያለው፣ ያንተም ጥፋት አይደለም። መጽሐፉም እኛ መምህራንም ጆሮን፣ ስርጉድን፣ ምላስ መጠቅለልን ከአተሩ ጎን በአንድ ሠንጠረዥ ደርድረን አስተማርናችሁ።

እኔም አስተምሬዋለሁ፣ ለብዙ ዓመት። ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዡን አሰምርና ተማሪዎቹን ምላሳችሁን አውጡ እል ነበር። ክፍሉ ይደምቃል። ምላሱን እንደ ቱቦ የሚጠቀልል ዶሚናንት፣ የማይችል ሪሴሲቭ። ቤታችሁ ሂዱና እናት አባታችሁን እዩ እላቸዋለሁ። አንድ ዓመት፣ በማግስቱ፣ ክፍሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ አንዲት ልጅ ቀረች። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። «ቲቸር፣ እኔ እችላለሁ። አባዬም እማዬም አይችሉም። ሦስት ጊዜ አስሞከርኳቸው» አለችኝ። ድምፅዋ አይሰማም ነበር። እኔ የመለስኩላትን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። «በደንብ አላየሻቸው ይሆናል፣ ዛሬ ደግመሽ እይ» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ወጣች። ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በኔ ክፍለ ጊዜ እጇን አላወጣችም። የዚያች ልጅ ፊት ነው ደብዳቤህን ሳነብ የመጣብኝ።

እውነቱ ከዚያ በፊት ተጽፎ ተቀምጧል። ምላስ መጠቅለልን በ1940 እንደ ገዢ ባሕርይ ያቀረበው አልፍሬድ ስተርትቫንት ነው። ተራ ሰው አይደለም፤ የመጀመሪያውን የዘረመል ካርታ በ1913 የሠራ ሊቅ ነው። በ1952 ግን ማትሎክ የተባለ ተመራማሪ 33 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን አየ። ዘረመላቸው አንድ ዓይነት የሆኑትን ማለት ነው። በሰባቱ ጥንዶች አንዱ ምላሱን ይጠቀልላል፣ ሌላው አይችልም። ነገሩ በአንድ ዘረመል የሚወሰን ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር። ጃፓን ውስጥ ተማሪዎችን ያዩ ደግሞ ዕድሜያቸው ሲጨምር ምላሳቸውን መጠቅለል የሚችሉት ቁጥር እንደሚጨምር አገኙ። ስተርትቫንት ራሱ በ1965 ያ ሐሳብ ስህተት እንደነበር በጽሑፍ አምኗል። ሠንጠረዡ ግን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ አንተ ክፍል ድረስ ደረሰ።

ወደ ጆሮህ እንመለስ። ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርግ። አብረውህ የሚኖሩትን ልጆች ጆሮ አንድ በአንድ እይ። ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን ሥጋ ማለቴ ነው። አንዱ ከጉንጩ ጋር ቀጥ ብሎ የተሰፋ ይመስላል። ሌላው ክብ ሆኖ ይንጠለጠላል። በመካከል ግን ትንሽ የታጠፈ፣ ግማሽ የተጣበቀ፣ ግራው እንዲህ ቀኙ እንዲያ የሆነ ታገኛለህ። አሥር ሰው ካየህ ሁለት ክምር ውስጥ መክተት ያቅትሃል። ድቡልቡልና ጭርምት አተር ግን ሕፃን ልጅ ይለያቸዋል። በ2017 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ74000 በላይ ሰዎችን አይቶ ከጆሮ ጫፍ መጣበቅ ጋር የተያያዙ 49 የዘረመል ቦታዎችን አግኝቷል። አርባ ዘጠኝ! ካንተ ከፊሉን፣ ከእናቷ ከፊሉን ስትወስድ፣ ልጅህ ከሁለታችሁም የማይመስል ጆሮ ብታወጣ ምን ይገርማል? በዚያ ላይ አንተ ያየኸው በስልክ ስክሪን ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን፣ እየሮጠች፣ ካሜራው እየተንቀጠቀጠ።

ስርጉዱን በአጭሩ ልለፈው። ጉንጭ የሚሰረጉደው ብዙ ጊዜ ከፈገግታ ጡንቻዎች አንዱ ለሁለት ተከፍሎ ከቆዳው ጋር ሲያያዝ ነው። ሕፃን እያለ የነበረው ሲያድግ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ በኋላ ይወጣለታል። እናትህ በልጅነቷ ስርጉድ ነበራት ወይስ አልነበራትም? አታውቅም። ስለዚህ «በቤታችን የለም» የምትለው አሁን በምታውቃቸው ፊቶች ብቻ ነው።

ታዲያ በሰው ላይ በአንድ ዘረመል የሚሄድ ነገር የለም ወይ? አለ። አልቢኒዝም አንዱ ነው። ብዙውን ጊዜ እናትም አባትም ጠይም ወይም ጥቁር ናቸው፣ ልጃቸው ግን ቆዳዋ ነጭ፣ ጸጉሯ ነጣ ያለ ቢጫ ሆና ትወለዳለች። ሁለቱም አንድ አንድ የማይሠራ ቅጂ ሳያውቁት ተሸክመው ኖረዋል። አንድ ደህና ቅጂ ስላላቸው በራሳቸው ላይ አልታየም። ልጃቸው ሁለቱንም የማይሠራ ቅጂ የመውሰድ ዕድሏ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ምክንያት አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት «ከየት አመጣሽው» ስትባል ሰምቻለሁ። መልሱ ከሁለቱም የሚል ነው። ተደብቆ የኖረ ዘረመል ከእናትም ከአባትም እኩል መጥቶ ነው የሚገለጠው።

ስድስተኛ ጣት ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከትንሿ ጣት ጎን የምትወጣዋ ማለቴ ነው። ብዙ ጊዜ በገዢነት ትወረሳለች፤ አንድ ቅጂ ይበቃታል። እሷ እንኳን ግን ሁልጊዜ አትታይም። ቅጂውን የያዘ አባት አምስት ጣት ብቻ ኖሮት፣ ልጁ ስድስት ይዞ ሊወለድ ይችላል። (በነገራችን ላይ፣ ቤት ውስጥ በክር አስራችሁ አትቁረጡ። ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ አጥንት ያለውና የሌለው በአንድ መንገድ አይወጣም።) ገዢ በተባለው ባሕርይ ላይ እንኳን «አባቱ የለውም፣ ስለዚህ ልጁ የሱ አይደለም» ማለት አይቻልም።

የቆዳ ቀለምን ሳታነሣው ላንሣው፤ ነገ እህትህ ልታነሣው ትችላለችና። ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር የምንለው በብዙ ዘረመሎች ድምር የሚሆን ነው። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በቦትስዋና ከ1500 በላይ ሰዎችን ተመልክቶ ቀለምን የሚያጠቁሩም የሚያቀሉም በርካታ የዘረመል ልዩነቶችን እዚሁ አፍሪካ ውስጥ አግኝቷል። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ቀይ አንዱ ጠይም ሆነው የሚወለዱት ለዚህ ነው። አያቶቻችን «ከሩቅ ተመዘዘ» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ልጅቷ ያንተ ናት ብዬ መማል አልችልም። በደብዳቤ የሚማል ሰው ቢኖር አትመነው። የምለው ይህን ነው፦ አንተ እንድትጠራጠር ያደረገህ ማስረጃ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ የሚባለው በእጅህ ያለው ሌላው ነው። በሰኔ ለ40 ቀን ቤትህ ነበርክ። ሰው ከተፀነሰ እስከሚወለድ ብዙ ጊዜ 38 ሳምንት ገደማ ነው። ከሰኔ አጋማሽ ቁጠር፤ መጋቢት ላይ ያደርስሃል። ይህን አንተው ቆጥረህ አንተው ጽፈህልኛል። ሕጉም ካንተ ጋር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባት ባልየው ነው ብሎ ይነሣል።

«ዲኤንኤ ላስመርምር?» ብለህ ሳታስብ አልቀረህም። ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ከአባትና ከልጅ ጉንጭ ውስጥ በጥጥ ይወሰዳል። ብዙ ጊዜ ሃያ ገደማ የሚሆኑ የዲኤንኤ ቦታዎች ይነፃፀራሉ፤ በእያንዳንዱ ቦታ ልጅ ካላት ሁለት ቅጂ አንዱ ከአባቷ የመጣ መሆን አለበት። ጆሮ የማይነግርህን ይህ ይነግርሃል። ነገር ግን የኔ ምክር ለጆሮ ብለህ አታድርገው ነው። ጥርጣሬህ ከጆሮው ብቻ የመጣ ከሆነ፣ ጆሮው ወደቀ፤ ጥርጣሬውም አብሮት መውደቅ አለበት። ይህን ሁሉ አንብበህ አሁንም ካልለቀቀህ፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። እሱን ነሐሴ ላይ ስትመጣ ከባለቤትህ ጋር ተቀምጠህ ተነጋገሩበት። ምርመራው የግድ ከሆነብህም እሷ አውቃ ይሁን። ልጅቷን ተደብቀህ ወስደህ፣ ውጤቱን ኪስህ ውስጥ ይዘህ አትዙር። ውጤቱ ያንተ ናት ቢልህ እንኳን፣ ሚስትህ አንድ ቀን ስትሰማ የምታየው ውጤቱን ሳይሆን መደበቅህን ነው።

እኔ ከደብዳቤህ የሚሰማኝ ሌላ ነው። ልጅህን አቅፈሃት አታውቅም። ጠረኗን አታውቀውም። እንቅልፍ ወስዷት ትከሻህ ላይ ከብዳህ አታውቅም። አብሯት የሚውል አባት ልጁ የሱ መሆኗን በጆሮ አይፈልግም፤ አረማመዷ፣ ቁጣዋ፣ አበላሏ ላይ መቶ ጊዜ ራሱን ወይም እናቱን ያያል። አንተ ያለህ ስክሪን ብቻ ነው። የእህትህ አንድ ቃል ያን ያህል ቦታ ያገኘው ባዶውን ስላገኘ ይመስለኛል። ይህ ያንተ ብቻ አይደለም። ከዓረብ አገር ከሚጽፉልኝ ወንዶችም ሴቶችም ብዙዎቹ በርቀት ስለተተከለ ቃል ነው የሚጽፉልኝ።

ለእህትህ ደውልላት። አትቆጣት፤ ተንኮል ያሰበች አይመስለኝም። «ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ጠየቅሁ፣ ጆሮ እንደዚያ አይወረስም አሉኝ። ሁለተኛ ለማንም አታንሺው፣ ለባለቤቴም ጭምር» በላት። እንዲያው በደንብ በላት። ይህ ወሬ ከእህትህ ወደ እማማ፣ ከእማማ ወደ ጎረቤት ከሄደ ልጅቷ ስታድግ ይጠብቃታል።

ለባለቤትህ ስለ ጆሮው መንገር አለብህ ወይ? አሁን በስልክ አትንገራት። ምን እንደደረሰባት ሳታይ፣ እጇን ሳትይዝ፣ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ ርቀት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ዝም ብለህ ስለጠፋህባቸው ግን ይቅርታ ጠይቃት። ሁለት እሁድ ሙሉ ስልኩን አስቀምጣ ስትጠብቅ፣ ልጅቷ «ባባ» እያለች ስክሪኑን ስትነካካ፣ ምን እንዳሰበች አስብ። ሥራ በዛብኝ አትበላት። «ልቤ ከብዶኝ ነበር፣ ስመጣ እነግርሻለሁ፣ አሁን ደህና ነኝ» በላት። ይህ ውሸት የለውም።

ይህ ዓምድ የሚወጣው ቅዳሜ ነው። እስከ እሁድ ማታ አትጠብቅ፤ ሕፃን ቶሎ ይተኛል። ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ሳትደክም፣ ቪዲዮውን ክፈተውና አናግራት።